በእርግዝና ጊዜ በደም ስር መመገብ፦ ችግርና መፍትሄ

ማስመለስ የጠናባት ነፍሰ ጡር «ግሉኮስ ተደረገላት» ሲባል ቤተሰብ እፎይ ይላል። ግን ግሉኮስ ምግብ አይደለም። ባለ 5 ፐርሰንቱ 1 ሊትር ግሉኮስ 50 ግራም ስኳር ነው ያለው፤ 200 ካሎሪ ገደማ ቢሆን ነው። ፕሮቲንም ስብም የለውም። በደም ስር የሚሰጠው ሙሉ ምግብ ሌላ ነገር ነው። ስብ ስላለበት ብዙውን ጊዜ ነጭ፣ ወተት የመሰለ ነው፤ የሚገባውም ወደ ልብ በተጠጋ ትልቅ ደም ስር ነው። በእርግዝና ጊዜ መስጠት ይቻላል። ጥብቅ ክትትል ግን የግድ ነው።

ግሉኮስ እየወሰደችም ትከሳለች
ያገኘችው ፈሳሽ እንጂ ምግብ ስላልሆነ ነው። ከእርግዝናው በፊት ከነበራት ክብደት ከ5 ፐርሰንት በላይ ከቀነሰች ለሐኪሙ ንገሩት። መጀመሪያ የማስመለሻ ማቆሚያ መድኃኒቱ ይስተካከላል። አንጀቷ የሚሠራ ከሆነ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ መመገብ ይቀድማል፤ የኢንፌክሽንና የደም መርጋት አደጋው ያነሰ ነውና። የደም ስሩ ምግብ የሚመጣው ይህ ሳይሆን ሲቀር ነው።

ግራ ይገባታል፣ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያታል፣ ስትራመድ ትንገዳገዳለች
ይህን ድካም ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ለሳምንታት ስታስመልስ የቆየች ሴት ቫይታሚን ቢ1 ያልቅባታል። በዚያ ላይ ግሉኮስ ብቻ ሲገባ የተረፈውንም ጥቂት ቢ1 ይጨርሰዋል፤ አንጎል ይጎዳል። መፍትሄው ቢ1 ከግሉኮሱ በፊት ወይም አብሮ መስጠት ነው። «ቢ1 ወስዳለች?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። ምልክቱ ከታየ ደግሞ ድንገተኛ ነው፤ በዚያው ሰዓት መታከም አለበት።

ምግቡ ሲጀመር ብርድ ብርድ ይላታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ያተኩሳታል
ምግቡ በሚገባበት የደም ስር ቱቦ በኩል ተህዋስ ደም ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ፓራሲታሞል ሰጥቶ እስኪነጋ መጠበቅ አይሆንም። ነርሷን ጥሩ። ደም ለምርመራ ይወሰዳል፣ አንቲባዮቲክ ይጀመራል፣ ቱቦው ሊወጣም ይችላል። መከላከያው ንጽህና ነው፦ ቱቦውን የሚነካ ሰው ሁሉ እጁን ይታጠብ፣ መግጠሚያው በአልኮል በደንብ ይታሽ፣ እስኪደርቅም ይጠበቅ።

ቱቦው ያለበት ክንድ ወይም አንገት ያብጣል፣ ያማል
እርግዝና በራሱ ደም እንዲረጋ ያጋልጣል፤ ቱቦው ሲጨመርበት ይብሳል። በአልትራሳውንድ ይታያል። ለዚህ የሚሰጠው ሄፓሪን የተባለ የደም መርጋት መድኃኒት በእንግዴ ልጅ አልፎ ጽንሱ ጋ አይደርስም፤ ስለዚህ አትፍሩት። ትንፋሽ ካጠራት ወይም ደረቷን ከወጋት ግን ደቂቃ አታባክኑ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አቅም ታጣለች፣ ልቧ ይመታል
የተራበ ሰውነት ብዙ ምግብ በአንዴ ሲገባለት ደም ውስጥ ያለው የፎስፌት፣ የፖታሲየምና የማግኒዚየም ማዕድን ይወርዳል። በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ ደሟ በየቀኑ ይመረመራል።

ብዙ ውሃ ከጠማትና ሽንት ከበዛባት ስኳሯ ይለካ። በአፏ መብላት ስትችልም የደም ስሩ ምግብ ቀስ በቀስ ይቀነስላት፤ ድንገት ከተቋረጠ ስኳሯ ሊወርድ ይችላል።