ካርታው ጣናን ሲስተው፦ ለዓሳ እርባታ ቦታ ስትመርጡ የሚገጥሙ ችግሮች

ጎንደር ቁጭ ብላችሁ ጎርጎራ ፊት ለፊት ሐይቁ ላይ ቆሮሶ (ቲላፒያ) በመረብ ውስጥ የምታረቡበት ቦታ በኢንተርኔት ካርታ እያሰሳችሁ ከሆነ አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። አብዛኞቹ ቦታ መምረጫ ካርታዎች የተሠሩት ለባሕር ነው። ጣና ሐይቅ ነው። ጣጣው በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

ነጥቡ ሜዲትራኒያን ላይ አረፈ

ኬክሮስና ኬንትሮስ ተቀያይረዋል። ጎርጎራ በግምት 12.2 ሰሜን፣ 37.3 ምሥራቅ ላይ ናት። ገልብጣችሁ ካስገባችሁት ሲሲሊና ቱኒዚያ መካከል ባሕር ውስጥ ትገባላችሁ። ክፋቱ፣ መሣሪያው ስህተት ነው ብሎ አይጮህም፤ ባሕር አገኘሁ ብሎ ጥልቀቱንም ማዕበሉንም ጨዋማነቱንም ይዘረዝርላችኋል። የባሕር ጨዋማነት ቁጥር ካያችሁ ጣና ላይ አይደላችሁም። ጉግል ማፕ ኬክሮስን ያስቀድማል፣ ኬኤምኤል የሚባለው የካርታ ፋይል ደግሞ ኬንትሮስን።

ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ፈቀቅ ብሏል

ቁጥሩን ከድሮ የወረቀት ካርታ ወስዳችሁ ይሆናል። እነዚያ አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የቦታ ቁጥር መነሻ ሥርዓት) የተሠሩ ናቸው፣ የስልካችሁ ጂፒኤስ ግን በደብሊውጂኤስ 84 ነው የሚሠራው። ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነጻ የካርታ ፕሮግራም ላይ አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ብላችሁ ክፈቱትና ወደ ደብሊውጂኤስ 84 ቀይሩት።

ጥልቀት ሲጠየቅ 1,700 ምናምን ይላል

ይሄ ጥልቀት አይደለም፣ የሐይቁ ፊት ከባሕር ወለል ያለው ከፍታ ነው። የባሕር ጥልቀት ካርታ ጣናን እንደ የብስ ነው የሚቆጥረው። ጣና ደግሞ ጥልቅ አይደለም፦ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ፣ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር አካባቢ። በዚያ ላይ ክረምት ሲወጣ ሞልቶ የነበረው ውሃ እስከ ግንቦትና ሰኔ ድረስ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። ስለዚህ በጥቅምት ለክታችሁ ደህና ነው ያላችሁት ቦታ በግንቦት መረቡን ጭቃ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ የተረፈ መኖና ኩስ ከሥሩ ተጠራቅሞ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ዓሳው ይታፈናል። መፍትሄው ገመድ ነው። በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ አድርጉበት፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ እሰሩ፣ በጀልባ ገብታችሁ ውሃው በወረደበት ወቅት ለኩ።

በሳተላይት ንጹሕ ውሃ፣ ስትደርሱ እምቦጭ

ካርታው ላይ የምታዩት ምስል የቆየ ሊሆን ይችላል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታየው እምቦጭ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው አረም፣ ደግሞ ንፋስ እየገፋው ቦታ ይቀያይራል፤ በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ። ቀን የተጻፈበትን የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል ተጠቀሙ፦ በነጻ ነው፣ በየ5 ቀኑ ገደማ ይመጣል፣ እስከ 10 ሜትር ለይቶ ያሳያል። ቀለሙን ወደ ኢንፍራሬድ ስትቀይሩት ተክል ቀይ ይሆናል፣ ውሃ ይጠቁራል። ክረምት ላይ ደመና ብቻ ካሳያችሁ ደመና ወደማያግደው ወደ ሴንቲኔል 1 ራዳር ዙሩ። የአንድ ቀን ምስል አይበቃም፣ የዓመቱን ወራት አወዳድሩ።

ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም «ተስማሚ»

መሣሪያው የሚያውቀውን ሌየር (የካርታ ንብርብር) ብቻ ነው የሚደምረው። የመገጭና የድርማ ወንዞች ደለል ይዘው የሚገቡበትን፣ የጣና ብቻ የሆኑት የባርበስ ዓሳ ዝርያዎች በክረምት ሊራቡ ወደ ወንዝ የሚወጡበትን አፍ አያውቅም። የጀልባ መንገዱንም አያውቅም። እነዚህን በእጃችሁ ሥላችሁ አውጧቸው፣ የዓሳ አስጋሪዎቹንም ጠይቁ። ሐይቁ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር (የተፈጥሮ ጥበቃ ቦታ) ስለሆነ የጥበቃ ክልሉን ወሰንም ጨምሩበት።

ካርታው ግራጫ ሆኖ ቀረ

ኔትወርክ ነው። ሌየሮቹን አጥፉና አንድ በአንድ ክፈቱ። ወደ ጎርጎራ ከመውረዳችሁ በፊት ግን እዚሁ ጎንደር ዋይፋይ ፈልጋችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት።