ኢሜይላችሁ ስታክ እያደረገ ካስቸገረ፣ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

«ፎርማት ይደረግ።» ባሕር ዳር ውስጥ ኮምፒውተር ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚሰማው መፍትሔ ይህ ነው። ዊንዶውሱ ሲንቀራፈፍ ፎርማት። ቫይረስ ሲገባ ፎርማት። ኢሜይሉ ስታክ ሲያደርግም ፎርማት።

በኢሜይል ጉዳይ ግን እባካችሁ አትቸኩሉ። ፕሮግራሙን በነፃ አውርዶ እንደገና መጫን ይቻላል። ለዓመታት የተጠራቀመ ደብዳቤ ግን አንዴ ከጠፋ የሚመልሰው የለም። የአንዲት ዘመዴ ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ ሲመለስ አጠገቧ ነበርኩ። ፍጥነቱ ሸጋ ሆኗል። ኢንቦክሱ ግን ባዶ ነው። ያን ቀን ፊቷ ላይ ያየሁት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

በቅርቡ ደግሞ አንድ ጎረቤቴ ደወሉልኝ። ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ለሚሻገሩ እንግዶች ጀልባ የሚያመቻቹ ናቸው። ቢሯቸው ጣና ዳር ነው፤ በመስኮቱ ታንኳ ሲያልፍ ይታያል። ቀጠሯቸው ሁሉ በኢሜይል ይመጣል።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ዛሬም ደረቀብኝ። እንግዶቹ ሐሙስ ይገባሉ፤ ስንት እንደሆኑ እንኳ አላየሁም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ምንም እንዳይነኩ። መጣሁ» አልኋቸው።

እዚያ ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ጋሼ የሚጠቀሙት ዊንዶውስ ላይ የተጫነ ተንደርበርድ የሚባል የኢሜይል ፕሮግራም ነው። አውትሉክ ለምትጠቀሙም ወደ ታች ጥቂት እላለሁ።

ሞቷል ወይስ እየሠራ ነው?

ስደርስ መስኮቱ ነጣ ብሎ ደብዝዟል። ከላይ «ኖት ሪስፖንዲንግ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጋሼ ማውሱን ደጋግመው ይጫናሉ። ይህን አታድርጉ። በተጫናችሁ ቁጥር ሌላ ሥራ ትከምሩበታላችሁ።

ይልቅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። በተንደርበርድ መስመር ላይ ሲፒዩና ዲስክ በሚሉት ሥር ያሉትን ቁጥሮች ተመልከቱ። ከፍ ዝቅ እያሉ ከሆነ ፕሮግራሙ እየሠራ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ታገሡት። ቁጥሮቹ ዜሮ ላይ ተኝተው ከቀሩ፣ ወይም ትዕግሥታችሁ አልቆ ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ያኔ «ኢንድ ታስክ» በሉት።

ትዕግሥት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፕሮግራሙ ፋይል እየጻፈ ሳለ ከተቋረጠ ፋይሉ ግማሽ ላይ ይቀራል። ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ መብራት ድርግም ሲል የሚሆነውም ይኸው ነው። ጋሼን ስጠይቃቸው ችግሩ የጀመረው መብራት ደጋግሞ በጠፋበት ሳምንት ነበር።

ቅጂ ሳትይዙ አንድም ነገር አትንኩ

ተንደርበርድን ዝጉት። ከዚያ በዊንዶውስ የተጠቃሚ ስማችሁ ፎልደር ውስጥ ግቡ። በተራ አፕዳታ፣ ሮሚንግ፣ ተንደርበርድ፣ ፕሮፋይልስ እያላችሁ ውረዱ። አፕዳታ የተደበቀ ስለሆነ መጀመሪያ ከ«ቪው» ሥር «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል። ፕሮፋይልስ የሚለውን ፎልደር እንዳለ ኮፒ አድርጉት። ደብዳቤው፣ የአድራሻ መዝገቡ፣ የይለፍ ቃሉ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው።

እኛ ፍላሽ ላይ ልንገለብጥ ስንል እንቢ አለ። ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ 4 ጊጋባይት የሚደርስ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። የጋሼ ኢንቦክስ ብቻውን ከ9 ጊጋባይት በላይ ነበር። በውጭ ሃርድ ዲስክ ገለበጥነው። ይህ እንቢታ ራሱ በሽታው የት እንዳለ ጠቆመን።

አካውንታችሁ በፖፕ የተገናኘ ከሆነ ቅጂው የግድ ነው። ፖፕ ደብዳቤውን ወደ ኮምፒውተራችሁ ያወርድና ከሰርቨሩ፣ ማለትም ከኢሜይል ድርጅቱ ኮምፒውተር፣ ሊያነሣው ይችላል። ያ ማለት ደብዳቤው በዓለም ላይ ያለው እናንተ ዘንድ ብቻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አይማፕ ከሆነ ዋናው ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል። የትኛው እንደሆነ አካውንት ሴቲንግስ ውስጥ «ሰርቨር ታይፕ» የሚለው ይነግራችኋል።

ሺፍትን ይዛችሁ ክፈቱት

ሺፍትን ሳትለቁ ተንደርበርድን ክፈቱ። በትራብልሹት ሞድ ልክፈት ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ በሉት። በዚህ መንገድ ሲከፈት አድ ኦን የተባሉት ተጨማሪዎች ሁሉ ይጠፋሉ። የሥዕል ሥራውን ለግራፊክስ ካርዱ የሚሰጠው ሃርድዌር አክሰለሬሽንም ይጠፋል።

እንዲህ ሲከፈት ደህና ከሠራ ጥፋተኛው ከነዚህ አንዱ ነው። እንደ ወትሮው ክፈቱና አድ ኦኖቹን በሙሉ አጥፉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እያበራችሁ ቆዩ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ የትኛው እንዳዳናችሁ አታውቁም። አድ ኦን ካልሆነ ሴቲንግስ ከፍታችሁ «ሃርድዌር አክሰለሬሽን» ብላችሁ ፈልጉና ምልክቱን አንሡ።

የጋሼ ግን በዚህም ደረቀ። ነገሩ ከፋይሉ ነው ማለት ነው።

የተሰረዘው ደብዳቤ አልሄደም

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይህ ነው። ተንደርበርድ እንደተለመደው አሠራሩ የአንድን ፎልደር ደብዳቤዎች ሁሉ በአንድ ረጅም ፋይል ውስጥ አከታትሎ ይጽፋል። አንድ ትልቅ ደብተር በሉት። ደብዳቤ ስትሰርዙ ገጹ አይቀደድም። «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ብቻ ይደረግበታል። ወደ ሌላ ፎልደር ስታዛውሩም አሮጌው ገጽ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ደብተሩ እየወፈረ ይሄዳል። የጋሼ ኢንቦክስ ውስጥ በዓይን የሚታየው ደብዳቤ 600 አይሞላም ነበር። ፋይሉ ግን ያን ያህል አብጧል።

መድኃኒቱ «ኮምፓክት» ይባላል። ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ ተጫኑና «ኮምፓክት» በሉ። ፕሮግራሙ በሕይወት ያሉትን ደብዳቤዎች ብቻ ወደ አዲስ ፋይል ይገለብጥና አሮጌውን ይጥለዋል። ስለዚህ ዲስካችሁ ላይ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ከመጀመራችሁ በፊት ቢያንስ የፋይሉን ያህል ክፍት ቦታ መኖሩን እዩ። እየሠራ ሳለ ፕሮግራሙን አትንኩት። መብራት የሚያስጋችሁ ከሆነ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ ተዋሱ፣ ወይም መብራቱ የሚረጋጋበትን ሰዓት ምረጡ።

የጋሼ ባለቤት በዚህ መሃል የዘጌ ቡና አፈሉልን። አቦል ስንጠጣ ጀመረ፤ ቶና ተቀድቶ ሳለ አለቀ። ኢንቦክሱ ከ1 ጊጋባይት በታች ወረደ። ተንደርበርድ ተከፍቶ ሳይደርቅ ሲቀር ጋሼ እጃቸውን አጨበጨቡ። ከዚያ በኋላ ትራሹንና «ጃንክ» የሚለውን ፎልደር ባዶ አድርገን ሌሎቹንም ኮምፓክት አደረግናቸው።

አሁንም አንድ ፎልደር ብቻ ከተያዘ

የሚደርቀው አንድ ፎልደር ስትከፍቱ ብቻ ከሆነ ማውጫው ተበላሽቶ ይሆናል። ከደብዳቤው ፋይል ጎን ስሙ በኤምኤስኤፍ የሚያልቅ ትንሽ ፋይል አለ፤ ማውጫው እሱ ነው። ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ ይዛችሁ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሪፔር ፎልደር» በሉ። ማውጫው እንደ አዲስ ይሠራል። አይማፕ ላይ ደብዳቤውን ከሰርቨር እንደገና ስለሚያወርድ ፓኬጃችሁን አስቡበት።

ፍለጋ ስትጀምሩ የሚደርቅ ከሆነ ደግሞ ሴቲንግስ ውስጥ «ግሎባል ሰርች» የሚለውን ለጊዜው አጥፍታችሁ ሞክሩ።

አንቲቫይረስንም አትርሱ። ኢንቦክሱ አንድ ፋይል ስለሆነ አዲስ ደብዳቤ በገባ ቁጥር ሙሉውን ሊፈትሽ ይሞክራል። ከዚያ የከፋው፣ በአንድ መጥፎ ደብዳቤ ሰበብ ኢንቦክሱን በሙሉ ኳራንቲን ሊያስገባው፣ ማለትም ነጥሎ ሊቆልፍበት ይችላል። የአንቲቫይረሳችሁ ሴቲንግ ውስጥ የፕሮፋይል ፎልደሩን ከፍተሻ ውጭ አድርጉት። ከደብዳቤ አውጥታችሁ የምታስቀምጡትን ፋይል ግን ይፈትሽ።

ኔትወርክ ሲደክም

አይማፕ የምትጠቀሙ ከሆነ አካውንት ሴቲንግስ ውስጥ «ሲንክሮናይዜሽን ኤንድ ስቶሬጅ» የሚል ገጽ አለ። የሁሉንም ዘመን ደብዳቤ ከማውረድ ይልቅ የቅርብ ቀናቱን ብቻ እንዲያወርድ እዚያ ማዘዝ ትችላላችሁ። እዚሁ ላይ ግን አደራ። ከዚያው ገጽ ወረድ ብሎ ያረጁ ደብዳቤዎችን ለመሰረዝ የሚያስችል ምርጫ አለ። እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ሰርቨሩ ላይ ያለውንም ዋናውን ያጠፋል። «ዶንት ዲሊት ኤኒ ሜሴጅስ» በሚለው ላይ ይቆይ።

አውትሉክ ላላችሁ ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው። የቆየውን አውትሉክ ኮንትሮልን ይዛችሁ ስትከፍቱት በሴፍ ሞድ ልክፈት ወይ ይላል። በዚያ ከሠራ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «አድ ኢንስ» ገብታችሁ አንድ በአንድ አጥፉ። ፒኤስቲ የሚባለው የደብዳቤ ፋይሉ ከአውትሉክ 2010 ጀምሮ፣ ሰው ካልቀየረው በቀር፣ ከፍተኛ ልኩ 50 ጊጋባይት ነው፤ እዚያ ከመድረሱ በፊትም መጎተት ይጀምራል። የተበላሸ የፒኤስቲ ፋይል ለመጠገን ከኦፊስ ጋር አብሮ የሚመጣ «ስካን ፒኤስቲ» የሚባል መሣሪያ አለ። እሱንም ቅጂ ከያዛችሁ በኋላ ነው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ደብዳቤው ተከፍቶ ተነበበ፤ እንግዶቹ ሰባት ናቸው። መልስ ከገዳማቱ ፎቶ ጋር አያይዘው ሲልኩ ግን እንደገና ቆመ። «ሰንት» ወደሚለው ፎልደር እየገለበጥኩ ነው ይላል፤ አይንቀሳቀስም።

ይህ መድረቅ አይደለም። አባሪ ፋይል በኢሜይል ሲላክ ወደ ፊደል ስለሚቀየር በሲሶ ገደማ ያብጣል። የ10 ሜጋባይት ፎቶ 13 ሜጋባይት አልፎ ይሄዳል። አይማፕ ላይ ደግሞ ሁለቴ ይጫናል፤ አንዴ ለተቀባዩ፣ አንዴ ለራሳችሁ ሰንት ፎልደር። ጋሼ የሚጠቀሙት ጂሜይል ነው። ጂሜይል የተላከውን ራሱ ስለሚያስቀምጥ ሁለተኛው ጭነት አያስፈልግም። አካውንት ሴቲንግስ ውስጥ «ኮፒስ ኤንድ ፎልደርስ» ገብተን «ፕሌስ ኤ ኮፒ ኢን» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አነሣን። ፎቶዎቹንም አሳነስናቸው።

ደብዳቤው ሄደ። ጋሼ ወዲያው ስልካቸውን አንሥተው ጀልባ ነጂው ዘንድ ደወሉ። «ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሰባት ሰው። ትልቋን ጀልባ አዘጋጅ።»