ፍሎረንስ ላይ ጀምበር ስትጠልቅ ሳን ሚኒያቶን እንዴት እንደምታዩ

ጣሊያን፣ ፍሎረንስ ስትሄዱ ለጀምበር መጥለቂያ ሁሉም ሰው ፒያሳሌ ሚኬላንጄሎ የሚባለው አደባባይ ሂዱ ይላችኋል። ሂዱ፣ ግን እዚያ አትቅሩ። ትንሽ ሽቅብ ስትወጡ ሳን ሚኒያቶ አል ሞንቴ አለ፤ በ1018 (በአውሮፓ አቆጣጠር) መሠራት የጀመረ፣ ዛሬም መነኮሳት የሚኖሩበት ቤተ ክርስቲያን። እንደ እኔ ከሆነ የከተማዋን ምሽት ለማየት ከዚህ የሚሻል ቦታ የለም።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስቡበት። በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ማታ 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ቀድሞ ይዘጋል። ስለዚህ ውስጡን አስቀድማችሁ እዩና ጀምበሯን ደጅ ሆናችሁ ጠብቁ። በታኅሣሥ ግን 11 ሰዓት ሳይሞላ ስለምትገባ ከደጅ ጀምሩ። የጸሎቱም የመዝጊያውም ሰዓት ይለዋወጣል፣ የዚያኑ ቀን አረጋግጡ።

ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፤ ሙቀት ከሆነ ነጠላ ወይም ሻርፕ ቦርሳ ውስጥ ጣል አድርጉ። መግቢያው በነጻ ነው። 12 እና 13 ቁጥር አውቶቡሶች ኮረብታው ላይ ይወጣሉ። ጉልበት ካላችሁ ግን ከሳን ኒኮሎ ሰፈር በእግር ውጡ፣ ደረጃው ስለሚበዛ ውኃ ያዙ።

ውስጥ ስትገቡ ቀስ በሉ። እግራችሁ ሥር ያለው የእምነ በረድ ወለል 1207 ላይ የተሠራ ነው፤ አሥራ ሁለቱ ከዋክብት በክብ ተስለውበታል። ከዚያ ወደ ምድር ቤቱ ውረዱ። መነኮሳቱ የሠርክ ጸሎታቸውን እዚያ፣ በቀጫጭን ዓምዶች መካከል፣ በጥንቱ የላቲን ዜማ ያደርሳሉ። ስልካችሁን ዝጉና ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ቋንቋው ባይገባችሁም ማኅሌት ቆሞ ያደገ ሰው ስሜቱ አይጠፋውም።

ስትወጡ ከተማዋ ከነአርኖ ወንዟ ከሥራችሁ ተዘርግታለች። ትልቁ ጉልላት የካቴድራሉ ነው፣ 1436 ላይ የተጠናቀቀ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1441፣ ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን አባቶች ለጉባኤ እዚህች ከተማ መጥተው ነበር።

ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ከተማው አዙሮ ፎቶ ሲያነሳ እናንተ ግን አንዴ ዞር በሉ። ነጭና አረንጓዴው የቤተ ክርስቲያኑ ፊት፣ በተለይ በክርስቶስ ሥዕል ዙሪያ ያለው የሞዛይክ ወርቅ፣ የሚያበራው በዚያች ሰዓት ነው።

ከጨለመ በኋላ በአውቶቡስ ተመለሱ፤ ቲኬቱን ቀድማችሁ ግዙ፣ እንደተሳፈራችሁም ማሽኑ ላይ አስመቱት። በእግር ከወረዳችሁ ደግሞ እራታችሁን እዚያው ሳን ኒኮሎ ብሉ።