የድሮ ወንበር ጨርቅ ከመቀየራችሁ በፊት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ከቤተሰብ የወረሳችሁት የድሮ ወንበር አዲስ ሳሎን ውስጥ በጣም ያምራል፣ ግን ብዙ ሰው መጀመሪያ ጨርቅ መርጦ ቀጥታ ወደ ሶፋ ሰሪ ይሮጣል። ጨርቅ እኮ የመጨረሻው ስራ ነው! ውስጡ ያለው ችግር ሳይነካ ከለበሰ ብሩም ጨርቁም ይባክናል፣ ስለዚህ እባካችሁ መጀመሪያ ገልብጣችሁ እዩት።

ወንበሩ ይወዛወዛል?
ደልዳላ ሴራሚክ ላይ አቁሙት። መጋጠሚያው ጥብቅ ሆኖ አንድ እግር ብቻ መሬት ካልነካ እግሩ አጥሯል ማለት ነው፣ ስሩ ላይ ቆዳ ነገር መለጠፍ ይበቃዋል። ጀርባውን ይዛችሁ ስትገፉት መጋጠሚያው ከተከፈተ ግን ኮላው አርጅቶ ለቋል፣ እንጨቱም በዓመታት ደርቆ ሟሽሿል። እዚህ ጋር ነው ሰው ምስማር የሚመታው፣ እኔን ደሞ ከምንም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ምስማሩ ለትንሽ ጊዜ ይይዝና እንጨቱን ሰንጥቆት ያርፋል፣ በኋላ የሚጠግነው አናጺም በሰላም መፍታት አይችልም።

መፍትሄው መፍታት ነው። እያንዳንዱ እንጨት ላይ በእርሳስ ቁጥር ጻፉ፣ በጎማ መዶሻ ቀስ እያላችሁ አላቁት፣ ከዛ አሮጌውን ኮላ ንጹህ እንጨት እስኪታይ ፋቁት ምክንያቱም አዲስ ኮላ እንጨት ውስጥ ካልገባ አይዝም። በሙቅ ውሃ ሲነካ የሚለሰልስ ከሆነ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሰራው የድሮ ኮላ ነው፣ እሱ ብዙ አያስቸግርም። አዲሱን የእንጨት ኮላ ቀብታችሁ በሞርሳ ጥብቅ አድርጋችሁ 24 ሰዓት አትንኩት፣ ሞርሳ ከሌለ ዙሪያውን በገመድ አስራችሁ መሃል ላይ ዱላ አስገብቶ መጠምዘዝም ይሰራል። ኮላው ሳይደርቅ ግን መልሳችሁ ሴራሚኩ ላይ አቁሙና አራቱም እግር መሬት መንካቱን እዩ፣ ከደረቀ በኋላ ማስተካከል የለም።

በእንፋሎት የታጠፈ እንጨት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የቪየናው ወንበር ሰሪ ቶኔት በ1859 ያወጣው 14 ቁጥር ወንበር 6 እንጨት በ10 ቪቴና በ2 ዳዶ ነው የተገጣጠመው፣ ስለዚህ እንደዛ አይነቱ ሲላላ መጀመሪያ ካቻቢቴ አንሱ።

መቀመጫው ሰምጧል?
ስፖንጁ አይደለም ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው፣ ከስር የተጠላለፈው የጆንያ ቀበቶ ረግቦ ወይ ሞላው ከቦታው ወጥቶ ነው። ላዩ ላይ ስፖንጅ ብትደርቡ አብሮ ይሰምጣል። እያንዳንዱን ድርብ ፎቶ እያነሳችሁ እስከ እንጨቱ ፍቱት፣ ቀበቶውን በአዲስ ቀይሩና በደንብ ወጥራችሁ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፋችሁ ጠላልፉት። ስፖንጁ ዴንሲቲው (ጥግግቱ) 30 እስከ 35 ይሁን፣ 5 ሴንቲ ውፍረት ይበቃል። የአሁን ምግብ ጠረጴዛ ከፍታው 75 ሴንቲ አካባቢ ስለሆነ የመቀመጫው ከፍታ 45 አካባቢ ካልሆነ ጉልበት አያስገባም።

ትናንሽ ቀዳዳና ብናኝ አለ?
እንጨት የሚበላ ነቀዝ ነው። አራግፋችሁ ስሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፉና ለ2 ሳምንት ተዉት፣ አዲስ ብናኝ ከወደቀ በህይወት አለ። ደጅ አውጡት፣ ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ የእንጨት ተባይ መድሀኒት በስሪንጅ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ስጡት፣ ከሌሎች እቃዎችም አርቁት።

አዲሱ ጨርቅ ተጨማደደ?
ከማዕዘን ተጀምሮ ነው። ከአራቱም ጎን መሃል መሃሉን ያዙ፣ ከዛ ወደ ማዕዘን እየወጠራችሁ ሂዱ፣ ማዕዘን መጨረሻ። ጨርቁ ከፋይ ከሆነ ጸጉሩ ከኋላ ወደ ፊት ይተኛ፣ አለበለዚያ ከአንድ በላይ ወንበር ካላችሁ እያንዳንዱ የተለያየ ቀለም ይመስላል።

ከለበሰ በኋላ መቀመጫው ፍሬሙ ውስጥ አልገባም ካለ በመዶሻ እንዳታስገድዱት፣ ያ ሁሉ የለፋችሁበት መጋጠሚያ ይከፈታል። ጨርቁ ስለወፈረ ነው፣ ፍቱትና የመቀመጫውን እንጨት ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ቀንሱለት፣ የድሮውን ጨርቅ ሳትነቅሉ ደርባችሁ ከሆነ ደሞ እሱን ንቀሉት።