ለወፍ እይታ ቀኑን በነፋሱ ምረጡ

ቺካጎ የምትኖሩ ወፍ ወዳዶች፣ በግንቦት በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ወዳለው የወፍ መመልከቻ ወደ ሞንትሮዝ ፖይንት የምትሄዱበትን ቀን ከዕረፍታችሁ ይልቅ ከሌሊቱ ነፋስ ጋር አስማሙት። ከደቡብ የሚመለሱት አብዛኞቹ ትናንሽ ዘማሪ ወፎች የሚጓዙት ሌሊት ነው። ማታ ሞቅ ያለ የደቡብ ነፋስ ነፍሶ ንጋት ላይ ዝናብ ወይም የሰሜን ነፋስ ከገጠማቸው፣ ደክመው በሐይቁ ዳር ባገኙት ቁጥቋጦ ላይ ይወርዳሉ። እንዲህ ባለው ጠዋት ከሥራ አስፈቅዳችሁም ቢሆን ሂዱ! ቀድሞ የጦር ሰፈር በነበረው በሞንትሮዝ ፖይንት ከ300 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ «አስማተኛው አጥር» የሚባለው የቁጥቋጦ መስመርም ስሙ አልበዛበትም።

ፀሐይ የምትወጣው በሐይቁ በኩል ስለሆነ ጀርባችሁን ለውኃው ስጡ፤ አለበለዚያ የምታዩት ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ብርድ ሲሆን ነፍሳት ዝቅ ስለሚሉ ዋርብለሮችም (ነፍሳት የሚበሉ ትናንሽ ዘማሪ ወፎች) ከጉልበት በታች ይለቅማሉ፤ አንገታችሁን ወደ ዛፍ ጫፍ አታድክሙ። በስልክ የወፍ ድምፅ ከፍቶ መጥራት ግን ነውር ነው፤ ሌሊቱን ሲበር ያደረ ወፍ መብላት እንጂ ድምፁ የሌላ ወፍ መስሎት ባላጋራ መፈለግ የለበትም። አቅርቦ ማሳያ መነጽር ለምትገዙ፣ 8 በ42 የሚለው (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 42 ሚሊሜትር የሆነ) ይበቃል።