ሳንባውን ለቦቢ አትወርውሩ

የፋሲካ ማግስት ክሊኒካችን ግርግር ነው። አንዱ ውሻ ያስመልሰዋል፣ ሌላው አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበታል። እነሱስ ይታከማሉ። የሚያናድደኝ ምንም ሳይሆን ጅራቱን እየቆላ የሚመጣው ነው።

"ምን በላ?" ስል መልሱ ያው ነው። "በግ አርደን ጉበቱን ሰጠነው፤ ውሃ ቋጥሮ ስለነበር ለሰው አይሆንም ብለን።" ይኸው! ለሰው የማይሆነው ለውሻ። እዚያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ውስጥ በዓይን የማይለዩ የትል ጭንቅላቶች አሉ። ውሻው ሲበላቸው አንጀቱ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ኮሶ ይሆናሉ። ውሻው አይከሳ፣ አያስል፤ ጤነኛ ነው። ከበላው ስድስት ሰባት ሳምንት ሲሆነው ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር እንቁላሏን ይጥላል። ፀጉሩም ላይ ይቀራል። ልጅ ያሻሸዋል፣ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ ይቆርሳል። ከዓመታት በኋላ ያው ከረጢት በአልትራሳውንድ የሰው ጉበት ላይ ይገኛል። ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

እንዲህ የምጮኸው እኔም ስላደረግኩት ነው። የእንስሳት ሕክምና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ለገና ቤተሰብ ጋ ሄድኩ። እናቴ ሳንባውን ስትቆርጠው ከቢላዋው ሥር ጥርት ያለ ውሃ ፊን ብሎ ወጣ። ሳቅን። ከዚያ በገዛ እጄ ወስጄ ለውሻችን ለመቻል ወረወርኩለት። በቀጣዩ ዓመት ስለ ጥገኛ ትሎች ስንማር ያ ከረጢት ሰሌዳው ላይ ተሳለ። ክፍል ውስጥ ላብ አጠመቀኝ።

እንግዲህ ውሃ የቋጠረውን አቃጥሉት፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት። ደህናውንም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ሳይነፍር አትስጡ። ጥሬ የሆድ ዕቃ የለመደ ውሻ በየ6 ሳምንቱ ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት ያስፈልገዋል። ለበግ ከተገዛው ኪኒን የተረፈው አይተካውም።

ክትባት ላይ ደግሞ "ተከትቧል" ይሉኛል። መቼ? "ቡችላ እያለ።" ስንቴ? "አንዴ።" አንዴ አይበቃም። ከእናቱ ጡት ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ያከሽፈዋል፣ መቼ እንደሚያልቅለት ደግሞ ከውጭ አይታወቅም። ለዚህ ነው የፓርቮና የዲስቴምፐር፣ የሁለቱ ቡችላ ገዳይ በሽታዎች፣ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ተጀምሮ 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚደገመው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ12 ሳምንቱ ይሰጠዋል፣ በዓመቱ ይደገማል፤ ከዚያ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ቀን ጠብቁ። "ከግቢ አይወጣም" አትበሉኝ፤ ያበደው ውሻ በር አያንኳኳም። ድመትም ይከተባል።

አንዴ አንድ ጋሼ ክትባቱን ራሳቸው ገዝተው ከደረት ኪሳቸው አወጡልኝ። ገና እንደተጣለ እንቁላል ይሞቃል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ጣልኩት፤ ተቀየሙኝም።

ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፣ አንድ ፍሬ ይበቃታል። ፐርሜትሪን ያለበትን የውሻ የቁንጫ መድኃኒትም እሷ ላይ አታፍስሱ። መዥገር ለማራገፍ ጋዝ መቀባት ይቅር፤ ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ ሲልሰውም ይመርዘዋል።

የተረፈ ወጥ? ቁሌቱ ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርት ደግሞ የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ይህን ስል ብዙዎቹ አያምኑኝም። "የአያቴ ውሻ ዕድሜውን ሙሉ ወጥ በልቶ ነው ያረጀው" ይሉኛል።

የትል መድኃኒት በግምት አትስጡ፣ መጠኑ በኪሎ ነው። የሚመቻችሁ ሚዛን ከሌለ ውሻውን አቅፋችሁ የሰው ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ የራሳችሁን ኪሎ ቀንሱ። ባለፈው አንዱ ደንበኛዬ ውሻው ስንት እንደሆነ በስልክ ነገረኝ፤ የራሱን ግን ለመናገር አፈረ።