የወሎን ባቡር ታሪክ ከሰፈር ሰው እንዴት እንሰብስብ

ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ ወይ ሐራ ገበያ አካባቢ ላላችሁ ነው ይሄ፣ ስለ ኢንጂነሩ ወሬ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፣ መሬቱ ላይ ሀዲድ የተነጠፈበትን ገበሬ ወሬ ግን ራሳችሁ ሄዳችሁ ካልጠየቃችሁ አታገኙትም።

ቅድሚያ ቀኑን አጥሩ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር ኮንትራት ለቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ የተሰጠው በፈረንጅ 2012 ነው፣ ስራው የተጀመረው ደግሞ የካቲት 2007፣ ይሄኛው በኛ ነው፣ በነሱ 2015። ሁለቱን ቀላቅሎ "ስራው ከኮንትራቱ በፊት ተጀመረ" ያለ ሰው ገጥሞኛል ሃሃ። ደብተራችሁ ላይ ለሁለቱም ዓመት ለየብቻ አስምሩ።

አዋሽ ድረስ ከሄዳችሁ ሜትር ያዙ። ፈረንሳዮች የሰሩት የድሮው መስመር፣ በኛ በ1909 አዲስ አበባ የገባው፣ በሁለቱ ብረት መሀል 1 ሜትር ነው፣ ወሎም ገብቶ አያውቅም። ከአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ የሚመጣው ወደ 390 ኪሎ ሜትሩ አዲሱ ግን 1.435 ሜትር ነው፣ ጥበቃዎቹን አስፈቅዳችሁ ለኩት፣ የፈረንሳዮቹ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ያበቃል።

ደሴዎች "ለምን እኛን ዘለለ" ብለው መቆጨታቸው አይቀርም፣ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን የሀረጎን ዳገት በእግራችሁ ውጡና መልሱን ጉልበታችሁ ይነግራችኋል። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ ከ2400 በላይ፣ ባቡር ደግሞ እንደ ሚኒባስ ዳገት አይወጣም፣ ለዛ ነው በቆላው በኩል ዋሻ እየተበሳ የሄደው።

ሽማግሌ ስትጠይቁ ገና እንደገባችሁ ስልክ አትደቅኑ። አቦል ይጠጣ፣ ዱአው ይደረግ፣ ከዛ "አባባ፣ ልቅዳ እንዴ?" በሉ። "ባቡሩ መቼ መጣ" አትበሉ ደግሞ፣ እኔ እንደዛ ብዬ አንድ አባት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ እህል ወፍጮ አወሩልኝ፣ ለሳቸው ባቡር ማለት ወፍጮው ነው! "ሀዲዱ ሲነጠፍ ማሳው የማን ነበር፣ ካሳው በምን ተለካ፣ ከብቱ አሁን በየት ይሻገራል" በሏቸው። የማሳውንና የጉብታውን ስም እነሱ እንደሚጠሩት ጻፉ፣ ካርታ ላይ የለም።

የ2014ቱን ጦርነት መጨረሻ ላይ አድርጉት። ኮምቦልቻ ሲያዝ የባቡሩ ንብረት ተዘርፏል፣ ተሰባብሯል፣ ግን በዛ ከጀመራችሁ ሰውየው የሞተበትን ዘመድ ያስታውስና ስለ ሀዲዱ ማውራት ይቀራል። ቅጂውን ማታውኑ ወደ ሌላ ስልክ ላኩት፣ የኔ አንዱ ሚሞሪው ተበላሽቶ ጠፍቷል።